የተዘቀዘቀ ነጠላ

የመጀመሪያው ምት ያረፈው ትከሻው ላይ ነበር።

ኢሳይያስ ከቁስቋም በላይ ባለው ባሕር ዛፍ ውስጥ፣ ሁልጊዜ ከሮሐ ጋር በሚቀመጡበት የወደቀ ግንድ ላይ ሆኖ እየጠበቃት ነበር። ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው፣ በሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ዘንድ በእጁ ጥራት የተመሰገነ ሰው ነው። የእሷ መልእክት ሲመጣ ግን እንደ ጎረምሳ ፊቱን ሁለቴ ይታጠባል። «ዛሬ አስር ሰዓት የተለመደው ቦታ። ብቻህን ና» ይላል መልእክቱ። «ብቻህን» የምትለው ቃል ልታስጠረጥረው ይገባ ነበር። ከማን ጋር ሄዶ ያውቃል? የወደደ ሰው ግን የት ይጠረጥራል! ነጭ ሸሚዙን ለብሶ፣ ጫማውን አስጠርጎ፣ ዳገቱን እያፏጨ ወጣ።

ከኋላው የቅጠል ኮሽታ ሲሰማ እየሳቀ ዞረ። የመጣችው ሮሐ አልነበረችም። ወንድሟ ዮፍታሔ ነው፤ ከጎሚስታ ቤቱ ያመጣውን የጎማ መፍቻ ብረት ይዟል።

«ሽሮ ሜዳ ሙሉ ሴት እያለልህ የእኛን ደጃፍ ምን አስረገጠህ?»

«ዮፍታሔ፣ ተረጋጋ። ቁጭ ብለን እናውራ። ሽማግሌ ልልክ እኮ ነው...»

«ሽማግሌ? እናቴ ቤት? አንድ ሸማኔ?»

ብረቱ ወረደ። ትከሻው ሲደነዝዝ ኢሳይያስ ወደ ኋላ አልሸሸም፤ ጭንቅላቱን አጎንብሶ የዮፍታሔን ሆድ መታው። ሁለቱም ተያይዘው ቁልቁል ተንከባለሉ። ተናከሱ፣ ተቧጨሩ፣ ድንጋይና ቅርፊት ልብሳቸውን ቀደደው። መንከባለሉ ሲቆም ኢሳይያስ ከላይ ነበር። እጁ አጠገቡ ካለ ድንጋይ ጋር ተገናኘ። አነሣው። ቁልቁል ሲመለከት ግን ዮፍታሔ በሮሐ ዓይኖች አየው፤ ያው ሰፊ ቡናማ ዓይን፣ ያው ረጅም ሽፋል። አንድ እናት ናት የወለደቻቸው። እጁ አየር ላይ ቀረ።

ዮፍታሔ ግን ለእንዲህ ያለው ነገር ጊዜ አልነበረውም። ገልብጦ ጣለው፣ ቀኝ እጁን አንድ የዛፍ ሥር ላይ አጋድሞ በጫማው ረገጠው፣ ብረቱንም አነሣ።

«በዚህ እጅህ ነው ነጠላ የሠራህላት?» አለና መታ። «በዚህ ነው የዳበስካት?» ደግሞ መታ። አጥንቱ ሲደቅ ድምፁ ለሁለቱም ተሰማቸው። ሦስተኛው ሲያርፍ ኢሳይያስ የራሱን ጩኸት እንኳ አልሰማውም፤ ወፎቹ ከዛፉ ሲነሡ ብቻ አየ።

ዮፍታሔ ብረቱን በሱሪው ጠርጎ ወረደ። ኢሳይያስ ቅጠል ላይ ተጋድሞ፣ በግራ እጁ ስልኩን አውጥቶ መልእክቱን እንደገና አነበበው። ከሮሐ ቁጥር ነው የተላከው፤ ስሟም ከነፎቶዋ አለ። እንባው የመጣው ያኔ ነው። እጁን የሰበረው ዮፍታሔ ነው፤ የጠራችው ግን እሷ ናት።

*

ነገሩ የተጀመረው አምና፣ ሮሐ ለእናቷ ነጠላ ልትገዛ ሽሮ ሜዳ የመጣች ጊዜ ነው። ነጠላው ሰፋ ብላ መለሰች፤ ጠበበ ብላ ደግሞ መለሰች። በመጨረሻ ሰበብ አለቀባትና ባዶ እጇን መጣች። እሱም ከሽመናው ጉድጓድ ቀና ብሎ «ዛሬስ ምኑ ተበላሸ?» ሲላት ሁለቱም ሳቁ። በዚያው ወር ማንም ያልለበሰው ጥለት ያለበት ነጠላ ሠራላት፤ አረንጓዴው እንደ እንጦጦ ክረምት፣ ቢጫው እንደ መስከረም ሜዳ። ለሌላ ሰው እንዳይደግመው ማለ።

እናቷ ወይዘሮ የዓለምወርቅ የድሮ የጉለሌ ሰው ናቸው። ሰፊ ግቢ፣ የታወቀ ዘር፣ በቁስቋም ማርያም የተከበረ ስም አላቸው። «ልጄን ለሸማኔ አልድርም» አሉ፤ በቃ። ይህን ሲሉ የለበሱትን ነጠላ ማን እንደሠራው ጠይቀው አያውቁም።

ስለዚህ ፍቅራቸው ወደ ባሕር ዛፉ ተሰደደ። እዚያ ግንድ ላይ ሆኖ ስለ ዶርዜ ይነግራት ነበር። በአባቱ አገር ሰው ለደም ሲነሣሣ ሽማግሌዎች እርጥብ ሳር ነጭተው በሁለት እጃቸው ይዘው መንገድ ላይ ይንበረከካሉ። እነሱን ተሻግሮ የሚሄድ የለም፤ ሳሩን አልፎ ደም ያፈሰሰ ሰው ከሰው አይቆጠርም።

«ሴት ብትንበረከክስ?» አለችው አንድ ቀን።

«አይቼ አላውቅም» ብሎ ሳቀባት።

*

ሐኪሙ ደግ ሰው ነበር፤ ደግነቱ ግን እውነቱን አላቀለለውም። አጥንቱ ይጠገናል፣ ጣቶቹ ግን እንደ ድሮው አይታጠፉም። ኢሳይያስ እጁ በጀሶ ታስሮ ሽሮ ሜዳ ወዳለው ቤታቸው ተመለሰ። ጀምሮት የሄደው ጋቢ ድሩ እንደተወጠረ ይጠብቀዋል።

እናቱ እማማ ሰርኬ ለጎረቤት ሰላምታ ሲወጡ ወደ ጉድጓዱ ገባ። መወርወሪያውን በግራ እጁ ያዘና ወረወረ። በድሩ መሐል ተቀርቅራ ቀረች። ደግሞ ወረወረ፤ በጎን ወድቃ መሬት ላይ ተንከባለለች። ያች መወርወሪያ ከልጅነቱ ጀምሮ እንደ ራሱ ምላስ የምትታዘዘው ነበረች። መቀሱን አነሣ። ድሩን ከዳር እስከ ዳር እየጮኸ ቆረጠው፤ ክሩ እየተበጠሰ ፊቱን ገረፈው።

እናቱ ሮጠው ገቡ።

«ለምንድነው ያልሞትኩት?» አላቸው። «ንገሪኝ እስቲ እማ። እጅ የሌለው ሸማኔ ለምን ይኖራል? እግዜር ምን ሊሠራብኝ ነው ያስቀረኝ?»

እማማ ሰርኬ የሚጸልዩ ሴት ናቸው። ያን ዕለት ግን ጉልበታቸውን ይዘው ቁጭ አሉና የተቆረጠውን ክር ጫፍ ከጫፍ እየፈለጉ መቋጠር ጀመሩ።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«እየቋጠርኩ።»

«ማን ሊሠራበት?»

«እኔ እንጃ ልጄ። መቋጠሩን ነው የማውቀው።»

እሱም ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ከእጁ ይልቅ ልቡ ነበር የተሰበረው።

*

ሮሐ የመጣችው ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ነው። የአጎቱ ልጅ ብሩኪ በሩ ላይ እጁን አጣምሮ ቆሟል። ብሩኪ በሽሮ ሜዳ ልብስ የሚሸጥ፣ ቶሎ የሚግል ልጅ ነው። ሊመልሳት ነበር፤ እማማ ሰርኬ «አስገባት» አሉት።

ኢሳይያስ ቀና ሲል መጀመሪያ ያየው ነጠላውን ነው። እሱ የሠራላትን ነጠላ ለብሳለች። ግን አዘቅዝቃዋለች፤ ጥለቱ ወደ ላይ ዞሮ አንገቷንና ጉንጯን ሸፍኖ ዓይኗ ሥር ደርሷል። ሰው የሞተባት ሴት እንደዚያ ነው የምትለብሰው።

«ማን ሞተብሽ?» አላት።

ዓይኗ ወደ ጀሶው ሄደ፤ ተመልሶ ወደ ፊቱ መጣ፤ ከዚያ በፍርሃት ወደ ብሩኪ ሰረቅ አለ። ኢሳይያስ ያን የስርቆት እይታ በራሱ መንገድ ተረጎመው።

«ገባኝ» አለ። «ለእኔ ነው። በቁሜ ቀበርሽኝ። እንዳልሠራ ካደረግሽኝ በኋላ በሠራሁልሽ ነጠላ ልታለቅሺኝ መጣሽ።»

«ኢሳይያስ፣ እንደዚያ አይደለም...»

«እንዴት ነው ታዲያ? ግለጪውና ፊትሽን ልየው!»

እጇ ወደ ጥለቱ ሄደና አጥብቃ ያዘችው። «አልችልም።»

«መልእክቱን አልላክሽም?»

«ከእኔ ስልክ ነው። ግን እኔ አይደለሁም። ከዚህ በላይ እዚህ ሆኜ ልነግርህ አልችልም። እባክህ... አንድ ቀን ብቻ ለብቻችን...»

«ለብቻችን!» ብሎ ጀሶውን ወደ ላይ አነሣው። «ባለፈው ብቻህን ና ብለሽኝ ነው እንዲህ የሆንኩት። ውጪ!»

በግራ እጁ ያገኘውን ወረወረ። የወረወረው ያችን መወርወሪያ ነበር፤ ሮሐን ስታ ግድግዳው ላይ ተሰነጠቀች። ሮሐ አልሸሸችም። ጎንበስ ብላ ስንጥቅ መወርወሪያዋን አነሣች፣ እማማ ሰርኬ እጅ ላይ አስቀመጠቻትና ወጣች። ከሄደች በኋላ ቤቱ ውስጥ የቀረው የእሷ ሽታ ነበር፤ እሱ ደግሞ ያን ሽታ እየጠላው ይስበው ነበር።

ብሩኪ የቆመበት አልተንቀሳቀሰም። «ለነገ ልጆቹን አዘጋጅቻለሁ» አለው። «ጎሚስታውን እናነደዋለን። እሱንም ከነጎማው። አንተ አዎ በለኝና በቃ።»

ኢሳይያስ አዎ አላለም። አይሆንም ብሎም አልከለከለም። ብሩኪም ትከሻውን ነካ አድርጎት ወጣ።

*

እሑድ ከሰዓት በኋላ የሽሮ ሜዳ ጎረምሶች ዱላና ድንጋይ፣ ብሩኪም አንድ ጀሪካን ቤንዚን ይዞ ሲያልፉ ኢሳይያስ በመስኮት አያቸው። የዘፈንና የፉከራ ድምፃቸው ወደ ታች ራቀ። ደስ አለው። ይህን መደበቅ አያስፈልግም፣ ደስ ነው ያለው። ዮፍታሔ ሲጮኽ ለመስማት ጆሮውን አቀና።

እማማ ሰርኬ የድሩን ቋጠሮ ጨርሰው ነበር። «ዝም አልክ እኮ ትናንት» አሉት።

«ምን ልበል? እጄን ነው የበላው።»

«አባትህ ቢኖር የሚለውን ያውቅ ነበር።» ድምፃቸው ተቆጣ። «አባትህ እዚሁ ሠፈር፣ ጩቤ በተማዘዙ ሰዎች መሐል ከቦይ ዳር ሳር ነጭቶ ሲንበረከክ አንተ ጀርባዬ ላይ ነበርክ። ብሩኪ ሰው ቢገድል በማን ስም ነው? በእጅህ ስም አይደለም? እጅህን ሁለተኛ ልትሰብረው ነው!»

ቃሉ ፊቱን እንደ ጥፊ መታው። ጫማውን ሳያስር ሮጠ።

ወደ ጎሚስታው ሲቃረብ መስታወት ሲረግፍ ሰማ። የዮፍታሔ ሱቅ በር ተገንጥሏል። የጎማ ክምር ወድቆ መንገዱን ሞልቶታል። ዮፍታሔ በሩ ላይ ያንኑ ብረት ይዞ ቆሟል፤ ግንባሩ ተፈንክቶ አንድ ዓይኑ በደም ተዘግቷል። ድንጋይ ይዘንብበታል። ሰዎች ሱቃቸውን እየዘጉ ይሸሻሉ። በድንጋይ ወርዋሪዎቹና በዮፍታሔ መሐል ደግሞ አንዲት ሴት አስፋልቱ ላይ ተንበርክካለች።

ሮሐ ናት። በሁለት እጇ እርጥብ ሳር ይዛለች፤ ሥሩ ከነአፈሩ ተነቅሎ ክንዷን አጨቅይቶታል። የተዘቀዘቀውን ነጠላ እስከ ዓይኗ ድረስ አጥብቃ እንደያዘች ነው።

«ማን ነው ይሄን ያስተማራት?» ይጮኻል ብሩኪ። «ያንቺ ዘር ሳር ያውቃል? ተነሺ! አንቺ ሽማግሌ አይደለሽ፣ የእኛም አይደለሽ!»

«አልነሣም!» አለች። «በእኔ ላይ እለፉ!»

አንድ ድንጋይ መጥቶ ትከሻዋ ላይ አረፈ። ወደ ጎን ዘመመች፣ ነጠላውም ከፊቷ ተገፈፈ።

ኢሳይያስ አየ። ከዓይኗ ሥር እስከ መንጋጋዋ ፊቷ ጠቁሯል። ከንፈሯ ላይ የተሰፋ ቁስል አለ። ቀናት የቆየ ድብደባ ነው፤ ጠርዙ ቢጫ መሆን ጀምሯል።

«ይኸው!» ብሎ ጮኸ ዮፍታሔ ከኋላዋ፤ በንዴት የሚናገረውን አያውቅም። «ለዚህ ነው እንዴ የተውኩሽ? ስልኩን አልሰጥም ብለሽ ስትታገዪኝ ያኔ ነበር አንቺን መጨረስ የነበረብኝ! ቤታችንን አዋረድሽው!»

አሁን ለኢሳይያስ ገባው። ትናንት ያዘቀዘቀችው ለሞት አልነበረም። ያን ፊት ብሩኪ አይቶት ቢሆን ዮፍታሔ ለዛሬ አይደርስም ነበር። ወንድሟን ከሞት፣ እነብሩኪን ከመግደል ለማዳን ብላ የሱን ስድብ ሁሉ በጥለቱ ሥር ዋጠችው። «ፊትሽን ግለጪ» ብሏት ነበር። መወርወሪያ ወርውሮባት ነበር። አፈረ፤ ከዕፍረቱ ጋር ደግሞ ንዴቱ ተነሣ። አንድ ቃል ብቻ ይበቃ ነበር። «ግቡ» ቢል ሁሉም ይገቡ ነበር፤ ዮፍታሔም እዚያው ጎማው መሐል ያልቅ ነበር። ቃሉ ምላሱ ላይ ነበር።

ሮሐ ቀና ብላ አየችው። አልለመነችውም። አየችው ብቻ፤ በባሕር ዛፉ ውስጥ «ሴት ብትንበረከክስ?» ያለችው ዕለት እንዳየችው።

ኢሳይያስ ወደ ቦዩ ዳር ሄደ። በግራ እጁ ሳር ነጨ። በድንጋዩ መሐል አልፎ መጣና ከሮሐ ጎን ተንበረከከ። ጀርባውን የሰጠው ለዮፍታሔ ነው። የብረቱ ጫፍ አስፋልቱን ሲፍቅ ሰማው፤ አልዞረም።

«ኢሳይያስ ተነሣ» አለ ብሩኪ። ጀሪካኑ ተከፍቷል፤ ቤንዚኑ ይሸታል። «ባንተ ላይ አታስረግጠኝ። ላንተ ብዬ ነው እኮ!»

«ለእኔ አይደለም።» ሳሩን የያዘውን እጅና በጀሶ የታሰረውን አንድ ላይ ዘረጋቸው። «እየው። የተሰበረው የእኔ ነው፤ ያንተ አይደለም። በዚህ እጅ ላይ እኔ ነኝ የምፈርደው። ለምን ተረፍኩ እያልኩ ግድግዳ ስመለከት ከረምኩ፣ ብሩኪ። ደህና እጅ ይዤ እዚህ ብንበረከክ ማን ይሰማኝ ነበር? ፈሪ ትሉኝ ነበር። በዚህ እጅ ግን ማንም ፈሪ አይለኝም። ለፖሊስ ቃሌን እሰጣለሁ። ለእጄም ለመንጋጋዋም በሕግ ይጠየቃል። በእሳት ግን ማንም አይነካውም። ማለፍ ከፈለግህ ይኸው፤ ሳሩን ርገጥና እለፍ።»

ከኋላ አንዱ ዱላውን መሬት ላይ አጋደመው። ሌላው ተከተለ። ብሩኪ ሳሩን አየ፣ የአጎቱን ልጅ አየ፣ ያቺን ፊቷ የጠቆረ ሴት አየ። ጀሪካኑን ክዳኑን ገጥሞ አስቀመጠውና እዚያው ቁጢጥ ብሎ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ።

ከኋላቸው ብረቱ ሲወድቅ ተሰማ። ዮፍታሔ ጎማ ላይ ተቀምጧል፤ ደሙን እንኳ አይጠርግም። እሱን ሊያጽናና የሄደ ሰው አልነበረም። ጎረቤት የጠራቸው ፖሊሶች መጥተው ሲያስነሡት ወደ እህቱ ዞረ፤ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ያለውን ግን ማንም አልሰማም።

ሮሐና ኢሳይያስ እንደተንበረከኩ ቀርተዋል። ሁለቱም ለመነሣት የፈሩ ይመስላሉ።

«ያኔ መልእክቱን...» አለች።

«አውቄዋለሁ። ይቅር በይኝ።»

«እጅህ ግን በእኔ ምክንያት...»

«እጄ ዛሬ ሥራውን ሠራ» አላት። ቢያመውም እውነት ነበር፤ ከጀሶው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የነገውን ቀን መኖር ፈለገ።

ነጠላው አስፋልቱ ላይ ወድቋል፤ ዘይትና አፈር ነክቶታል። ኢሳይያስ በግራ እጁ አነሣውና አራገፈው። ሊያለብሳት ሞከረ። በአንድ እጅ ነጠላ ማልበስ አይሆንለት አለ፤ አንዱ ዳር ትከሻዋ ላይ ሲያርፍ ሌላው እየተንሸራተተ ይወድቃል። ሁለቴ ሞክሮ ሁለቴ አመለጠው። ፊቱ ቀላ።

ሮሐ የወደቀውን ዳር በእጇ ያዘችለት። እሱ በወዲህ እሷ በወዲያ ሆነው ገለበጡት። አረንጓዴውና ቢጫው ጥለት ከጉንጯ ወርዶ፣ ኀዘን የሌለባት ሴት እንደምትለብሰው፣ ከታች እግሯ አጠገብ ተዘረጋ። የጠቆረ ፊቷን ሰው ሁሉ እያየው፣ ከኢሳይያስ ጎን ዳገቱን ወደ ሽሮ ሜዳ ወጣች።